ዶሮ ያለ ኪስፔፕቲን እንዴት እንቁላል ትጥላለች?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ኪስፔፕቲን የሚባለው ሆርሞን ከሌለ ጉርምስና እንደማይጀምር፣ ጂኑ የተበላሸበት ሰውም መካን እንደሚሆን ክፍል ውስጥ ተማርን። በኋላ ግን ዶሮ ይህ ጂን ጭራሽ እንደሌላት አነበብኩ። ዶሮ ደግሞ እንቁላል መጣል ሥራዋ ነው። ይህን ያህል አስፈላጊ የሆነ ጂን እንዴት ሊጠፋ ቻለ? መምህራችን ተሳስተው ነው ወይስ ያነበብኩት ስህተት ነው? ቢያብራሩልኝ።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። መምህርሽ አልተሳሳቱም፤ ያነበብሽውም እውነት ነው። ጣጣው ያለው «አስፈላጊ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ለየትኛው እንስሳ? በየትኛው ዕድሜ? ይህ ሳይነገር «ጂኑ አስፈላጊ ነው» ማለት ግማሽ አረፍተ ነገር ነው። መልሴ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ቅብብሎሹን እናስታውስ። አንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ጂኤንአርኤች የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ጂኤንአርኤች ፒቱታሪ እጢን ይቀሰቅሳል። ፒቱታሪ በተራው ኤፍኤስኤች እና ኤልኤች የሚባሉትን ሁለት ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቃል። እነሱ ኦቫሪ ወይም የዘር ፍሬ ሲደርሱ እንቁላል ይበስላል፣ የወንድ ዘር ይመረታል፣ ኢስትሮጅንና ቴስቶስትሮን ይፈልቃሉ። ኪስፔፕቲን የሚቆመው ከሁሉም በላይ ነው። የጂኤንአርኤች ሴሎችን «በሉ እንግዲህ ጀምሩ» የሚላቸው እሱ ነው። በእኛና በአይጥ ማለቴ ነው።

ስለዚህ ቅብብሎሽ አንድ ነገር ያዢልኝ። ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር ነገሩ ግትር ነው፤ ዝግመተ ለውጥ ብዙም አልነካካውም። ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር ደግሞ ልል ነው። ትዕዛዝ ሰጪው ይቀያየራል፣ ይጨመራል፣ ይባረራል። የጥያቄሽ መልስ ያለው እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ኪስፔፕቲን ሲገኝ ስለ መራባት ያሰበ ሰው አልነበረም። በ1996 ፔንስልቬንያ ውስጥ ሄርሺ በምትባል ከተማ ተመራማሪዎች ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር እንዳይዛመት የሚያግድ ጂን ፈልገው አገኙ። ከተማዋ በቸኮሌት የታወቀች ናት፤ «ኪስስ» የሚባለው ቸኮሌትም የእሷው ነው። የጂኑ ስም ከዚያ መጣ። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ ከፍቅር ጋር ያያይዘዋል። አጋጣሚ እንጂ ሆን ተብሎ አይደለም።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ አንዱ ፈረንሳይ ሌላው አሜሪካ ያሉ ሁለት ቡድኖች በየፊናቸው አንድ ነገር ላይ ደረሱ። ዕድሜያቸው ደርሶ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ያልደረሱ ሰዎችን ጂን ሲመረምሩ፣ የኪስፔፕቲን ተቀባይ፣ ማለትም ሴሉ የሆርሞኑን መልእክት የሚቀበልበት ፕሮቲን፣ ተበላሽቶ አገኙት። ከእነዚህ ሰዎች ለአንዱ ጂኤንአርኤች ከውጭ በመርፌ ሲሰጠው ፒቱታሪው ምላሽ ሰጠ። ይህች ትንሽ የምትመስል ውጤት ብዙ ትናገራለች። ከታች ያለው ቅብብሎሽ ሙሉ ነው። የጎደለው «ጀምሩ» የሚል ብቻ ነው። መምህርሽ ያስተማሯችሁ ይህንን ነው።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ፣ በጣም ወደ ኋላ። በ1970 ሱሱሙ ኦህኖ የሚባል ሊቅ አንድ ደፋር ሃሳብ አቀረበ። የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ጂኖም፣ ማለትም ሙሉው የዘር መረጃቸው፣ በታሪኩ እንዳለ ተባዝቷል አለ። ያኔ ማስረጃው ስስ ነበር። ዛሬ ጂኖሞች ከተነበቡ በኋላ ሃሳቡ በአመዛኙ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። በደንደሴዎች፣ ማለትም የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት፣ የመጀመሪያ ዘመን፣ ከ450 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት፣ ጂኖም በሁለት ዙር ተባዝቷል። ከዚያ ዛሬ አብዛኞቹን ዓሦች የሚያካትተው ቡድን ቅድመ አያት ላይ ሦስተኛ ዙር ተጨመረ።

አንድ ጂን ሁለት ሲሆን ምን ይከተላል? አንዱ ቅጂ የድሮውን ሥራ ይዞ ይቀጥላል። ሌላው ነጻ ነው፤ ቢበላሽ የሚጠይቀው የለም። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ትርፍ ቅጂ ይሞታል። ጥቂቶች ግን ሥራ ይካፈላሉ፣ ወይም ያልነበረ ሥራ ያገኛሉ። የመራቢያ ሆርሞኖች ጂኖች በብዛት የተገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ጂኤንአርኤችን እንውሰድ። አሥር አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያ ጡቦች፣ ብቻ ያሉት ሚጢጢ ሆርሞን ነው። የአንድሩ ሻሊ ቡድን አወቃቀሩን ለማወቅ ወደ 160,000 የሚጠጉ የአሳማ ሃይፖታላመሶችን ፈጭቶ አጣርቷል። ውጤቱ በ1971 ወጣ። ሻሊና በሌላ ቤተ ሙከራ ሲፎካከረው የነበረው ሮዠ ጊዩማን በ1977 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ያኔ ጂኤንአርኤች አንድ ብቻ ይመስል ነበር። ኋላ ላይ ሦስት ዓይነት እንዳለው ታወቀ።

ሁለተኛው ዓይነት ለጥያቄሽ ቁልፍ ነው። ጂኤንአርኤች 2 ከዓሣ እስከ ዶሮ፣ ከዶሮ እስከ ሰው አሥሩም አሚኖ አሲዶች አንድ ናቸው። በ400 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ አንዲት እንኳን አልተቀየረችም። እንዲህ ያለ ነገር ስታዪ ምን ትያለሽ? «ይሄማ የማይነካ፣ እጅግ አስፈላጊ ነው» ትያለሽ። እኔም ተማሪ እያለሁ እንዲያ ነበር የምለው። ግን አይጥ ውስጥ ጂኑ የለም። ጠፍቷል። አይጥ ደግሞ በመራባት አትታማም። በሰው ውስጥ ሆርሞኑ አለ፤ የእሱ የራሱ ተቀባይ ጂን ግን መሃል ላይ ተሰብሯል። ስለዚህ አንድ ነገር ሳይለወጥ ለረጅም ዘመን መቆየቱ ከመጥፋት አያድነውም።

የመጀመሪያው ዓይነት፣ የእኛ ዋናው ጂኤንአርኤች 1፣ ዜብራፊሽ ከምትባለው ትንሽ ዓሣ ጠፍቷል። ቦታውን ሦስተኛው ወሰደው። እኛ አጥቢዎች ደግሞ በተራችን ሦስተኛውን ጥለናል። ሁሉም ከአንድ ቤተሰብ ውርስ ተነሥቶ የተለያየ ነገር አስቀርቷል ማለት ነው።

የኪስፔፕቲን ጂኖችም ታሪካቸው ይኸው ነው። በድሮዎቹ ደንደሴዎች ውስጥ ኪስ 1 እና ኪስ 2 አብረው ነበሩ። ሜዳካና ዜብራፊሽ ሁለቱንም ይዘዋል። ፉጉና ሌሎች በርካታ ዓሦች ኪስ 2ን ብቻ አስቀሩ። እንቁላል የሚጥለው አጥቢ ፕላቲፐስ ሁለቱም አሉት። እኛ ኪስ 1ን ይዘን ሁለተኛውን ጣልን። ዶሮ ሁለቱንም ጣለች፣ ተቀባያቸውንም ጭምር። ወፎች በሙሉ እንዲሁ ናቸው ለማለት ግን አልቸኩልም፤ በአንዳንድ ወፎች ጂኖም ውስጥ ኪስ 2ን የሚመስል ቅደም ተከተል ተገኝቷል። ለዚህ ነው ዶሮ ዶሮ የምልሽ።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ፦ እንዴት ይቻላል?

ሁለት ሙከራዎች ልንገርሽ። የመጀመሪያው በ2011 የታተመ የአይጥ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ ጂኑን ሳይሆን ኪስፔፕቲን የሚያመርቱትን ሴሎች ራሳቸውን ገደሉ። ሴሎቹ ገና በእድገት ጊዜ ከተገደሉ ሴቶቹ አይጦች በጊዜያቸው ጎረመሱ፣ ወለዱም። ዘግየት ተብሎ ከተገደሉ ግን ጉርምስናው ተስተጓጎለ። ያው እንስሳ፣ ያው ሴል ነው፤ የተለየው ጊዜው ብቻ ነው። ገና እየተሠራ ያለ አንጎል የጎደለውን አይቶ ሌላ መንገድ ይዘረጋል። ተሠርቶ ያለቀ አንጎል ግን መንገዱ ሲዘጋበት ይቆማል። ጂኑ ራሱ ሲሰበር አይጥ መካን እንደምትሆን አትርሺ፤ ሴሎቹ ሲጠፉ ግን የሚካካስበት ቀዳዳ ነበረ። ቀዳዳ ካለ ዝግመተ ለውጥ ያገኘዋል፤ ጊዜ እንደሆነ አያጥረውም።

ሁለተኛው የዜብራፊሽ ሙከራ ነው፣ በ2015 የወጣ። የኪስ ጂኖችም የተቀባዮቹም ጂኖች ተሰበሩ። ዓሦቹ ምንም አልሆኑም፤ ይራባሉ። በቀጣዩ ዓመት ጂኤንአርኤች 3 ተሰበረ። አሁንም ይራባሉ። ከዚያ ጂኤንአርኤች 2 እና 3 አንድ ላይ ተሰበሩ። አሁንም! እኔ ይህን ባነበብኩ ጊዜ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ለዚህ ምክንያት የሚሆን የአወቃቀር ልዩነት አለ። በእነዚህ ዓሦች የአንጎል ነርቮች ጫፎቻቸው ቀጥታ ፒቱታሪ ውስጥ ይገባሉ። በእኛ ግን ሆርሞኑ በትናንሽ የደም ሥሮች ነው የሚሻገረው። ስለዚህ የዓሣ ፒቱታሪ ከብዙ አቅጣጫ ትዕዛዝ ይደርሰዋል። አንዱ ቢቀር ሌላው አለ።

ግን «ዓሣ ያለ ጂኤንአርኤች ይኖራል» ብለሽ እንዳትደመድሚ። ሜዳካም ትንሽ ዓሣ ናት፣ ላዩን ስትታይ የዜብራፊሽ ብጤ። ጂኤንአርኤች 1 ሲሰበርባት ሴቷ እንቁላል መልቀቅ አቃታት። ወንዱ ግን ዘር መስጠቱን ቀጠለ። በሁለት ዓሦች መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ዓሣ ሴትና ወንድ መካከል እንኳን «አስፈላጊ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ይለያያል።

ወደ ዶሮ ልመለስ። ለወፍ ትልቁ ጥያቄ «አሁን ወቅቱ ነው ወይ?» የሚለው ነው። መልሱን የምታገኘው ከቀን ርዝመት ነው። የሚገርመው በዓይኗ አይደለም። ብርሃን የራስ ቅሏን አልፎ አንጎሏ ውስጥ የተቀበሩ ብርሃን ለቃሚ ሴሎች ላይ ያርፋል። ከዚያ ምን እንደሚሆን በደንብ የተጠናው በጃፓን ድርጭት ነው፤ የዶሮ የቅርብ ዘመድ ናት። ድርጭቷ የመጀመሪያውን ረጅም ቀን ባየች ጊዜ፣ ከንጋት 14 ሰዓት ያህል በኋላ፣ የፒቱታሪዋ አንገት ቲኤስኤች የሚባል ሆርሞን ያመርታል። ቲኤስኤችን የምናውቀው ታይሮይድን በማዘዝ ነው። እዚህ ግን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ አንጎል ይሄዳል። እዚያ አንድ ኢንዛይም ያስነሣል። ኢንዛይሙ የታይሮይድ ሆርሞንን ወደ ጠንካራው ዓይነት ይቀይረዋል። ጂኤንአርኤች ይለቀቃል። ኤልኤች በዚያው ዕለት ማለቂያ ላይ ይጨምራል። ከዚያ በሳምንታት ውስጥ የወንዱ የዘር ፍሬ መቶ እጥፍ ገደማ ያድጋል።

ኪስፔፕቲን የሚባል ነገር በዚህ መንገድ ላይ አየሽ? የለም። ቲኤስኤችን የመሰለ ወቅት ነጋሪ በበግና በሃምስተርም አለ። እነሱ ጋ ግን መልእክቱ ጂኤንአርኤች ሳይደርስ በኪስፔፕቲን ሴሎች በኩል ያልፋል። ወፏ መንገዱን አሳጠረችው። ፍሬንም አላት። በ2000 የካዙዮሺ ጹጹይ ቡድን ከድርጭት አንጎል የኤልኤችን መለቀቅ የሚገታ ሆርሞን አግኝቷል፤ ጂኤንአይኤች ይባላል። ኋላ ላይ የእሱ ዘመድ በእኛም ውስጥ ተገኘ። ነጂውም ፍሬኑም ሌላ ቦታ ካለ፣ ኪስፔፕቲን ቢቀር ምን ይጎድላል? በእኔ ንባብ ጂኑ መጀመሪያ ሥራ ፈታ፣ ከዚያ ነው የሞተው። ቅደም ተከተሉን ገልብጠሽ ካሰብሽው ነገሩ ተአምር ይመስላል።

አሁን ወደ ቅብብሎሹ ታች እንውረድ። ግትር ነው ያልኩሽ ቦታ ነው። በዜብራፊሽ የኤልኤች ጂን ሲሰበር ሴቷ እንቁላል መልቀቅ አቆመች። ኤፍኤስኤች ሲሰበር እድገቱ ዘገየ። ሁለቱም አብረው ሲሰበሩ ዓሦቹ በሙሉ ወንድ ሆኑ፣ እነሱም መካን። ከላይ ሦስት አራት ጂን ሲሰበር ግድ ያልሰጠው ዓሣ፣ እዚህ ሲነካ ፈረሰ። ምክንያቱ አይከብድም። ብዙ አዛዥ ሊኖር ይችላል፤ ትዕዛዙ በደም ወደ ኦቫሪ የሚሄድበት በር ግን ጠባብ ነው።

እነዚህ ሁለት ሆርሞኖች የሚገርም ቤተሰብ አላቸው። ኤፍኤስኤች፣ ኤልኤች እና አሁን ያነሣነው ቲኤስኤች ወንድማማቾች ናቸው። እያንዳንዳቸው ከሁለት ክፍል ይሠራሉ። አልፋ የሚባለው ክፍል ለሦስቱም አንድ ነው። የሚለያቸው ቤታ ነው። በሰው ውስጥ የኤፍኤስኤች ቤታ ክሮሞሶም 11 ላይ፣ የኤልኤች 19 ላይ፣ የቲኤስኤች 1 ላይ ይገኛል። እንዲህ ተበታትነው መገኘታቸው የሚጠበቅ ነው። ጂኖም እንዳለ ሲባዛ ቅጂዎቹ በተለያዩ ክሮሞሶሞች ላይ ያርፋሉ። ሐግፊሽ የተባለው መንጋጋ የለሽ እንስሳ ውስጥ በ2010 የተገኘው ግን የኤፍኤስኤችንም የኤልኤችንም ድርሻ የያዘ አንድ ሆርሞን ብቻ ነው። ከዚያም በላይ የሚያረጅ ዘመድ አለ። ታይሮስቲሙሊን ይባላል፤ በ2002 በሰው ተገኘ፣ ዘመዶቹ ደግሞ የጀርባ አጥንት በሌላቸው በዝንብና በትል ውስጥ አሉ። ክፍሎቹ ከቅብብሎሹ ራሱ ይበልጣሉ ማለት ነው፣ በዕድሜ።

ታች ግትር ነው ብዬ ከጨረስኩ በኋላ ግን አንድ የማይታለፍ ነገር አለ፣ የራሴን ሕግ የሚያፈርስ። በእርግዝና ምርመራ ላይ መስመር የሚያወጣውን ሆርሞን ታውቂዋለሽ፤ ኤችሲጂ ነው። እሱ የተወለደው ከኤልኤች ነው። ታርሲየር የተባሉት ትናንሽ እንስሳት ከተለዩ በኋላ፣ በጦጣዎች፣ በዝንጀሮዎችና በእኛ የጋራ ቅድመ አያት ላይ የኤልኤች ቤታ ጂን ተባዛ። ይህኛው መባዛት የሙሉ ጂኖም አይደለም፤ ጎን ለጎን የሆነ ነው። ስለዚህ ዛሬም ክሮሞሶም 19 ላይ አንድ የኤልኤች ጂንና ስድስት የኤችሲጂ ቅጂዎች ተደርድረው ታገኛቸዋለሽ።

ከተባዛ በኋላ ጂኑ መጨረሻ አካባቢ አንዲት ፊደል ወደቀች። አንዲት ብቻ። የዲኤንኤ ፊደል የሚነበበው በሦስት በሦስት ስለሆነ ንባቡ ተንሸራተተ። «እዚህ አቁም» የሚለው ምልክት ታለፈ። ማሽኑ ከዚያ በፊት ተነብቦ ወደማያውቀው ክፍል ገብቶ ማንበቡን ቀጠለ። በዚህ የተነሣ 121 አሚኖ አሲድ የነበረው ቤታ 145 ሆነ። ትርፍ 24 አሚኖ አሲድ ያላት ጭራ በቀለች። ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ይህ ዓይነቱ ስህተት ጂኑን ገደል ይከተዋል። እዚህ ግን ጭራዋ ላይ የስኳር ሞለኪውሎች ተለጠፉባት። ስኳሩ ሆርሞኑ ከደም ቶሎ እንዳይወገድ አደረገው። ኤልኤች ደም ውስጥ በአንድ ሰዓት ገደማ ሲቀንስ፣ ኤችሲጂ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። ሆርሞኑ የሚመረትበት ቦታም ተቀየረና እንግዴ ልጅ ሆነ። ከዚያ ሆኖ ኦቫሪን «ፕሮጄስትሮን ማምረትሽን አታቁሚ፣ ፅንስ አለ» ይላታል። የመድኃኒት ሠሪዎች ይህችን ጭራ ወስደው ኤፍኤስኤች ላይ ቀጥለውባታል። በየቀኑ ይወጉት የነበረውን መርፌ በሳምንት አንድ ጊዜ አደረጉት። የዝግመተ ለውጥን ስህተት ሰርቆ መጠቀም ይሉሻል ይህ ነው።

ፈረስም ከእንግዴ ልጅ ተመሳሳይ ሆርሞን ታመነጫለች። ግን ጂኗ አልተባዛም። ያው አንዱ የኤልኤች ጂን ፒቱታሪም እንግዴ ልጅም ውስጥ ይሠራል። ረጅሟ ጭራም ለብቻዋ የበቀለች ናት። ላም ደግሞ እንዲህ ያለ ሆርሞን የላትም፤ የላም ፅንስ «አለሁ» የሚለው ኢንተርፌሮን ታው በሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው።

ማርሞሴት የምትባለዋን የደቡብ አሜሪካ ትንሽ ጦጣ ደግሞ ተመልከቻት። የእሷ ፒቱታሪ ውስጥ ኤልኤች ፈልገሽ አታገኚም። የሚመረተው ያው ከእንግዴ ልጅ የምናውቀው፣ ጭራ ያለው ዘመዱ ነው። ልጁ የአባቱን ቦታ ወርሶ ተቀምጧል። የኤልኤች ተቀባዩ ጂንም በእሷ ውስጥ ተቀይሯል፤ ጂኑ ሲነበብ ከቁራሾቹ አሥረኛው ይዘለላል። እና ኤልኤች ለመራባት አስፈላጊ ነው ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ለዜብራፊሽ ሴት፣ ለሰውና ለዶሮ አዎ ነው የምልሽ። ማርሞሴቷ ግን ያለ እሱ ትወልዳለች፤ ብዙ ጊዜም መንታ።